የሰሚዋ ሃያ አንድ ቀን

እታለም ይመር መልእክቱ ሲደርሳት የካቢን ወንበር እየወለወለች ነበር። ከኮምቦልቻ ደሴ ሰው የሚያመላልሰውን የአየር ላይ ገመድ አገሬው በሙሉ «ሽቦው» ነው የሚለው፤ እሷም ሽቦው ላይ አስተናጋጅ ሆና ስትሠራ አስራ ስድስት ዓመት አልፏታል። እጇ ላይ ያለው አንባር ሁለት ጊዜ ነዘራት። መወልወያውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አነበበችው።

«አበጋዝ ይመር። ቆሽት። ጅምር። ሰሚ፦ እታለም ይመር። ሃያ አንድ ቀን።»

ከዚህ የረዘመ መልእክት የሰሚዎች ጽሕፈት ቤት ለማንም ልኮ አያውቅም። ሁለተኛ አነበበችው፣ ከዚያ የቀረውን ወንበር ወልውላ ጨረሰች፤ ተሳፋሪ ተሰልፎ ነበርና።

በዚያ ዘመን ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ከመስታወቱ ስር ባለችው ቀዳዳ እፍ ይላል። ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ እናቱ የምትጠይቀው ደብተሩን ሳይሆን «እፍ ብለሃል?» ብላ ነው። ቀዳዳዋ ትንፋሹን ታሸታለች፤ ያወቀችውን ግን ለተነፈሰው ሰው አትናገርም። ድሮ ስሙ ሳይጠራ «ያ ክፉ በሽታ» እየተባለ ሰው ይጨርስ የነበረው ካንሰር አሁን ጅምር ነው የሚባለው፤ አብዛኛውም ጅምር ሆኖ ይቀራል። ክንድ ላይ አንድ ልጥፍ ይለጠፋል፣ አርባ ቀን ይቆያል፣ ይነሳል፣ አለቀ። ችግሩ ልጥፉ የሚሠራው በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ከተለጠፈ ብቻ መሆኑ ነው። ቀኑ ካለፈ የሚቀረው ቢላዋ ነው፤ ከቢላዋ የሚነሳው ደግሞ ጥቂት ሰው ነው።

መጀመሪያ ላይ መስታወቱ ራሱ ይናገር ነበር። ሰው በባዶ ሆዱ፣ ብቻውን ቆሞ ይሰማል። ስንቱ ከመታጠቢያ ቤቱ ሳይወጣ እንደቀረ የሚያውቀው መዝገብ ብቻ ነው። ይህ አገር ግን መርዶ እንዴት እንደሚረዳ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ ያንኑ ወግ ወስደው ሕግ አደረጉት። እያንዳንዱ አዋቂ አንድ ሰሚ ያስመዘግባል። ወሬው ለሰሚው ይላካል፤ ሰሚውም ሄዶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በራሱ አፍ ይናገራል። ከዚያ ሁለቱም ለሰሚው በምትሰጥ፣ መዳፍ በምታህል ዕቃ ላይ በየተራ እፍ ይላሉ። ዕቃዋ አረንጓዴ ካላበራች ልጥፉ አይወጣም። በስልክ፣ በደብዳቤ፣ በጩኸት የተነገረ እንደተነገረ አይቆጠርም። ለሦስተኛ ሰው የተናገረ ሰሚ ይታሰራል።

ሕጉ የራሱን ጠባይ ወለደ። እንግዳ በር ላይ ሲቆም ከእንደምን አደራችሁ በፊት «ወሬ አልያዝኩም» ይላል፤ ባለቤቱም «እኛም የለንም» ብሎ ያስገባዋል። ይህ ሳይባል የሚቀመጥ እንግዳ የለም። በዚህ ቃል መዋሸት ከስርቆት የከፋ ነውር ነው። ሰው ደግነትንም መፍራት ጀመረ። ሚስቱ ሳይጠይቃት ብርቱካን የላጠችለት ባል ያን ቀን ሥራ አይሠራም፤ ቁጭ ብሎ ፊቷን ሲያጠና ይውላል።

እታለምና ታላቅ ወንድሟ አበጋዝ ሕጉ በወጣ ሰሞን ተያይዘው ሄደው አንዳቸው ለአንዳቸው ሰሚ ሆነው ተመዝግበዋል። ያኔ ይዋደዱ ነበር። አሁን ከተነጋገሩ አስራ አንድ ዓመት አልፏል። ምዝገባውን ለመሰረዝ ሁለቱም አብረው ጽሕፈት ቤት መቅረብ ነበረባቸው፤ ለዚያ ደግሞ አንዱ ሌላውን ማናገር አለበት። አላናገሩም።

ያኮራረፋቸው የእናታቸው የወይዘሮ ዘነቡ ሞት ነው። የእናትየዋ ሰሚ አብራቸው የምትኖረው እታለም ነበረች። መልእክቱ ሲመጣላት ፍልሰታ ገብቶ ነበር፤ ጾሙ ይውጣ አለች። ጾሙ ወጣ፤ እናቷን ጉንፋን ያዛቸው፤ ጉንፋኑ ይለፍ አለች። አንድ ቀን ወይዘሮ ዘነቡ ምስር እየለቀሙ ቀና ብለው «አንቺ ልጅ፣ የሰማሽው ነገር አለ እንዴ?» ብለው ጠየቋት። «ምን እሰማለሁ እማዬ፣ ምንም የለም» አለቻቸው። በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ሰሚ ሳይናገር ሲቀር ጽሕፈት ቤቱ የሚልከው ደብዳቤ በር ላይ ደረሰ። ቢላዋው በገባ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ቀብሩ ላይ አበጋዝ በለቀስተኛው ፊት «እህቴ አፏን ዘግታ እናቴን ቀበረቻት» አለ። የሰማ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ወዲህ እታለም በቀን አስር ጊዜ በሽቦው ላይ ሆና በቤቱ ጣራ ላይ ታልፋለች እንጂ በሩን ረግጣው አታውቅም።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጣ ማናገር ያለባት።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ወጥታ ሄደች። አበጋዝ መስኮት ሠሪ ነው፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለች ግቢ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። የመጋዙ ድምፅ ከውጭ ይሰማል። በሩን መታች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

መጋዙ ቆመ።

«ምን ፈለግሽ?»

«ክፈትልኝ። ብዙ አላስቆምህም።»

ወሬ አልያዝኩም ማለት እንደማትችል እያወቀች ነው የቆመችው። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ብቻ ይገባው ነበር። አበጋዝ ግን ያንን ሳይጠብቅ፣ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ በሚመስል ድምፅ «ሂጂ እታለም፤ ዛሬ አልችልም» አለ። ስድብ ጠብቃ ነበር። መንገድ ላይ ይህ «ዛሬ አልችልም» ገረማት፤ ግን ካኮረፈ ሰው ምኑ ያልገረመ።

በአምስተኛው ቀን የሰሚዎች ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጸሐፊው ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ነው።

«ወንድሜ በር አይከፍትልኝም። ሌላ ሰው ቢነግረውስ?» አለችው።

«ሰሚ አይወከልም እናቴ።»

«እንቢ ካለስ?»

«በሃያ ሁለተኛው ቀን ደብዳቤ ይደርሰዋል።»

«በሃያ ሁለተኛው ቀንማ ምን ሊረባው!»

ልጁ ስሟን ጻፈና ከፊቱ ያለውን ሰሌዳ አየ፤ ለረጅም ጊዜ አየ። እዚያ ላይ ከእናቷ ስም አጠገብ «አልተናገረችም» የሚል ቃል እንዳለ እታለም ታውቃለች። ከዚያ ልጁ ተነስቶ ውሃ አመጣላት፤ ስትወጣም ክንዷን ይዞ እስከ ደረጃው ሸኛት። አፈረች። ምነው ቢሰድበኝ አለች በልቧ።

በሰባተኛው ቀን የሠፈሩን ሽማግሌዎች ልትለምን ሄደች። ሼህ ኑርዬና መምሬ ስጦታው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብረው ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። በአንድ ጃንጥላ ይሄዳሉ፤ መንገዱን ሁሉ እርስ በርስ ይነታረካሉ፤ ሰው ቤት ሲገቡ አንድ ይሆናሉ። ለምን እንደመጣች ልትነግራቸው አትችልም። «ከወንድሜ አስታርቁኝ» ብቻ አለች።

«አልሐምዱሊላህ! ልብሽ ተመለሰ?» አሉ ሼህ ኑርዬ።

«ተመልሷል አባባ። ብቻ ቶሎ ይሁን።»

«ዕርቅ እንደ ሽቦሽ በአስር ደቂቃ የሚደርስ መሰለሽ እንዴ!» አሉ መምሬ፤ ሁለቱም ሳቁ።

እውነቱን ለመናገር ልቧ አልተመለሰም። ቀብሩ ላይ የተባለችው ነገር አሁንም እንደ ትኩስ ቁስል ያማታል። ግን በዝምታዋ አንድ ሰው ሞቷል፤ ሁለተኛውን መሸከም አትችልም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ወንድሟ ፊት ለፊቷ ይቀመጥና ትንገረው። ከዚያ በኋላ ከፈለገ ሌላ አስራ አንድ ዓመት ያኩርፋት።

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። በር ላይ «ወሬ አልያዝንም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። አበጋዝ ሻይ አቀረበላቸውና የመስኮት ትእዛዝ በዝቶብኛል፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን አለ። ከአራት ቀን በኋላ ተመልሰው ሄዱ። ላስብበት አላቸው። እታለም በየማታው መምሬ ቤት እየሄደች ትጠይቃለች፤ መምሬም እንዲህ የቸኮለ ታራቂ አይቼ አላውቅም እያሉ ለሚስታቸው ይገረማሉ። በአስራ አራተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ገቡና የመጨረሻውን አወጡ፦ ድንጋይ ተሸክማ ትምጣልህ።

ይህ የበዳይ ወግ ነው። በዳዩ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አስቀምጦ፣ አጎንብሶ ይገባል፤ ተበዳዩ ይቅር ካለ ድንጋዩን በራሱ እጅ ያነሳለታል። ይህን ሲሰማ አበጋዝ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያው ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«እሁድ ትምጣ» አለ።

«አለቀሰ እኮ» አሉ መምሬ ለእታለም ሲነግሯት።

«የእንጨት ብናኝ ነው» አሉ ሼህ ኑርዬ።

እታለም በጣቷ ቆጠረች። እሁድ አስራ ስምንተኛው ቀን ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱ ወንዙ ዳር ድንጋይ መረጡ። መምሬ አንስተው የሰጧትን ሼህ ኑርዬ ወረወሩት። «ይሄማ ለጉልቻም አይበቃ! ሴትዮዋ ለዕርቅ ነው የምትሄደው ወይስ ወጥ ልትሠራ?» ብለው የራሳቸውን ምርጫ አሸከሟት። ከባድ ነው። አንገቷ ውስጥ አንድ ጅማት ሲወጠር ተሰማት። ድንጋይ የተሸከመ ሰው እስኪነሳለት ድረስ አይናገርም፤ ወጉ ነው። ስለዚህ በር ላይ ወሬ አልያዝኩም እንድትል የሚጠብቅባት የለም። ይህን ያሰበችው በሦስተኛው ቀን ከበሩ ስትመለስ ነው፤ ሽማግሌ ጋ ያስሄዳትም ይኸው ሐሳብ ነበር።

አበጋዝ በሩን ከፍቶ በሥራ ልብሱ ቆሞ ነበር። እሷ የምታየው ጫማውንና መሬት ላይ የተበተነውን የእንጨት ፍቅፋቂ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ከኋላዋ ይማጸናሉ፤ አንዱ ስለ አላህ ይላል፣ አንዱ ስለ እመቤታችን ይላል። ጫማው አይንቀሳቀስም። ይህ ሰው እንደ ጨከነ ሊያስወጣኝ ነው ብላ ስታስብ ክብደቱ ካንገቷ ላይ ተነሳ።

«ይቅር ለእግዜር» አለ አበጋዝ። ድንጋዩን ከበሩ ጥግ አስቀመጠው።

ቀና ስትል አየችው። አርጅቷል። የቀሚሷን አቧራ ሳታራግፍ «አባቶቼ፣ ትንሽ ብቻችንን ተዉን» አለች። ሽማግሌዎቹ በደስታ እየተገፋፉ ወጡና በሩን ዘጉላቸው።

ሁለቱ በመሥሪያ ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። እታለም ከቦርሳዋ መዳፍ የምታህለውን ዕቃ አወጣችና በመካከላቸው አኖረቻት። አበጋዝ ዕቃዋን አያት፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አበጋዝ ይመር፣ እኔ ሰሚህ ነኝ። ሰምቻለሁ» አለች። ቃሉ የተወሰነ ነው፤ ሁሉም ሰው በቃሉ ያውቀዋል። «ቆሽት ነው፤ እንደ እማዬ። ጅምር ነው። ሦስት ቀን ቀርቶሃል፤ ከበቂ በላይ ነው። ልጥፉን ነገ ታደርጋለህ።»

አበጋዝ ከዕቃዋ ላይ ቀና ብሎ አያት።

«ለዚህ ነው የመጣሽው?»

«ለዚህ ነው።»

«ባትሰሚ ኖሮ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አልመጣም ነበር» አለች።

አበጋዝ ራሱን ነቀነቀ፤ የተቆጣ አይመስልም። ዕቃዋን አንስቶ እፍ አለባት፤ እሷም እፍ አለች። አረንጓዴ በራ። እታለም ትከሻዋ ሲፈታ ተሰማት፤ አስራ ስምንት ቀን ሙሉ ወጥሮ የያዛት ነገር በአንድ ጊዜ ለቀቃት፤ ልታለቅስ ደረሰች። ነገሩ አለቀ ብላ ለመነሳት ጠረጴዛውን ተደገፈች።

«ቁጭ በይ» አላት።

የጠረጴዛውን መሳቢያ ስቦ፣ ከምስማሮችና ከማጠፊያዎች ስር እጁን ሰድዶ አንድ ነገር አወጣ። እንደሷ ያለ ዕቃ ነው። በእጅጌው ጠረገውና እሷ ያኖረችበት ቦታ ላይ አኖረው።

«እታለም ይመር፣ እኔ ሰሚሽ ነኝ» አለ። «ሰምቻለሁ።»

መጀመሪያ የቃሉን ትርጉም አላገኘችውም። ቀጥሎ ቆሽት ሲል ሰማችው፤ እንደ እማዬ ሲልም ሰማችው። የመጣላት ጥያቄ ግን ሌላ ነበር።

«ስንተኛ ቀንህ ነው?»

«ሃያ አንደኛዬ። እስከ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት።»

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር፤ ልጥፍ እሁድም ይገኛልና ጊዜው ይበቃል። ውጭ ሽማግሌዎቹ በሆነ ነገር ይከራከራሉ፤ የሼህ ኑርዬ ሳቅ ይሰማል።

«ያኔ በር ስመታ...»

«የራስሽን ነገር የሰማሽ መስሎኝ ነበር። ለምን ዝም አልክ ልትዪኝ የመጣሽ መስሎኝ።» ፍቅፋቂ አንስቶ በጣቶቹ ይሰባብራል። «ሁለት ቀን ሽቦው ጣቢያ ድረስ መጥቻለሁ። ሰልፍ ይዤ የአንቺን ካቢን ጠበቅኩ። ስትደርሺ አየሁሽና ከኋላዬ ያለውን ሰው አሳለፍኩት። ከዚያ በእግሬ ተመለስኩ።»

«ዛሬ ባልመጣስ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው ጋሼ?»

«አላውቅም ማለት ነው። በየቀኑ አፌ ላይ ነበር እቴ። ስነሳ አፌ ላይ ነው፣ ስበላ አፌ ላይ ነው። ነገ እላለሁ። ደግሞ ነገ እላለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ከእሷ በላይ የሚያውቀው ሰው በዚህ ከተማ አልነበረም። ተናደደች። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ይህን ነገር እንዲረዳላት ስትመኝ ኖራለች፤ የተረዳላት ሰው ደግሞ በሰው ፊት የቀበራት ሰው ሆነ፤ የተረዳውም በእሷ ነፍስ ነው።

«እናቴን ቀበረቻት ብለኸኛል።»

«ብያለሁ።»

«በሰው ሁሉ ፊት።»

«አዎ።»

ዕቃዋ ጠረጴዛው ላይ ትጠብቃለች። እታለም እፍ ሳትል ብትወጣ ነገ ጠዋት ከአበጋዝ ስም አጠገብ «አልተናገረም» ተብሎ ይጻፋል። እሷንም ቢላዋ ይጠብቃታል። ሁለቱን አንድ ላይ አሰበቻቸው፤ እንዳሰበቻቸውም አበጋዝ አወቀ። አልለመናትም። አጎነበሰችና እፍ አለች። እሱም እፍ አለ። አረንጓዴ በራ፤ ከመጀመሪያው አረንጓዴ አይለይም።

አበጋዝ ተነሳ። ወደ በሩ ጥግ ሄደና ድንጋዩን ተንበርክኮ አነሳው፤ ማጅራቱ ላይ አደላደለው፤ አጎንብሶ መጣና ፊቷ ቆመ።

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ መቆየታቸው አሳስቧቸው ነው የገቡት። ያዩትን አይተው የበሩ ደፍ ላይ ቀሩ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አሉ ሼህ ኑርዬ። «ዕርቁ አልቋል እኮ! የትኛችሁ ነው በዳይ?»

ሕጉ ለሦስተኛ ሰው መናገር ይከለክላል። መምሬ ስጦታው ምንም ባይገባቸውም ልማዳቸው አሸንፏቸው «ስለ እመቤታችን ብለሽ ልጄ» ብለው መማጸን ጀመሩ፤ ሼህ ኑርዬም ግራ እንደገባቸው ተከተሏቸው።

እታለም ቶሎ አልተነሳችም። የወንድሟን የሳሳ ማጅራትና ጫማው አጠገብ ጠብ የሚለውን ነገር ተቀምጣ አየች። አሁን የእንጨት ብናኝ የሚል ሰው አልነበረም። ከዚያ ተነስታ ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘችውና ወደ ላይ ሳበችው።

«ልቀቀው ጋሼ» አለችው።

አልለቀቀውም።